ካፒቴን ማጂድ፣ የደብረ ብርሃን ሥላሴ መላእክትና የእኔ ዓይኖች፦ ምን ትላላችሁ?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁም። የምጠይቀው ነገር ለአንዳንዶቻችሁ ቀልድ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ነስቶኛል።

ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ንድፍ እሠራለሁ፤ የሠርግ መጥሪያ፣ የምርቃት ባነር፣ የቀን መቁጠሪያ። ባለፈው ወር አንድ የጽዋ ማኅበር ለመቁጠሪያው ሽፋን መልአክ እንድስልለት አዘዘ። ስዬ አቀረብኩ። ከማኅበሩ የመጡት አባት መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። ክንፉ መልካም ነው፣ ልብሱም መልካም ነው፣ ዓይኑ ግን የእኛ አይደለም አሉኝ። የማን እንደሆነ እሳቸው አላወቁትም። ያወቀው አብሯቸው የመጣው የልጅ ልጃቸው ነው። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው፤ አንገቱን አስግጎ አየና የጃፓን ካርቱን ነው ብሎ ፈረደ።

ተናደድኩ። ማታ ቤት ገብቼ ከአልጋ ሥር ያለውን ካርቶን ጎትቼ አወጣሁ። ከሦስተኛ ክፍል ጀምሮ ያስቀመጥኳቸው ደብተሮች አሉበት። አንድ በአንድ ገለጥኳቸው። ልጁ እውነቱን ነው።

ነገሩ የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ገደማ ነው። ሰፈራችን ከደብረ ብርሃን ሥላሴ ቁልቁል ወረድ ብሎ ነበር፤ በመንደሩ ዲሽ ያለው አንድ ቤት ብቻ። ከትምህርት ቤት ስንመለስ እዚያ ተሰብስበን ካፒቴን ማጂድ የሚባለውን የጃፓን የእግር ኳስ ካርቱን እናያለን፤ ወንዶቹ ምንጣፉ ላይ፣ እኛ ሴቶቹ ደፉ ላይ። ንግግሩ በዓረብኛ ነው። እኛ ግን አስተርጓሚ ነበረን። ቤተሰቦቹ ከካርቱም በመተማ በኩል የተመለሱ፣ በዕድሜ በሦስት ዓመት ያህል የሚበልጠን ልጅ ነው። ቴሌቪዥኑ ሥር ተቀምጦ እያንዳንዱን ንግግር ወደ አማርኛ ይመልስልን ነበር።

ሁሉም የሚወደው ማጂድን ነው፤ እኔ ያሲንን። የያሲን አባት ሠዓሊ ነው። ከከተማ ከተማ እየዞረ ይስላል፤ ልጁም አብሮት ይዞራል፤ አንዱን ትምህርት ቤት ለምዶ ጓደኛ ሲያፈራ ጓዝ ይጠቀለላል። እስከ ዛሬ ከዓይኔ ያልጠፋ አንድ ትዕይንት አለ። ሌሊት ነው። አባትየው በትንሽ መብራት የያሲንን እናት ፊት ይስላል። ፀጉሯን ጨረሰ፣ አፍንጫዋን ጨረሰ፣ ከንፈሯን ጨረሰ፤ ዓይኗ ጋ ሲደርስ እጁ ቆመ። ረስቶታል። ሲነጋ ሸራውን ጠቅልሎ ልጁን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሄደ። ከዚያን ዕለት ወዲህ ማንንም ስስል ዓይንን የምሠራው በመጨረሻ ነው። ስደርስበት እፈራለሁ፤ ስለምፈራም አገዝፈዋለሁ።

እንግዲህ ጥያቄዬ ይህ ነው። ሠዓሊ ያደረገኝ የጃፓን ማንጋ እንጂ ከቤታችን በላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ አይደለም ብል ነውር ነው? ዓይኖቹስ የማን ናቸው?

ምላሾቹ

ይህን ከጻፍኩ ሁለት ሳምንት ሆነ፤ 41 ምላሽ ደረሰ። ዘግይቶ ለሚመጣ ሰው ሁሉን ማንበብ አድካሚ ስለሆነ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ። የተሰደብኩበትንም አልዘልም።

1ኛው መላሽ አዘዞ ያደገ ነው። እሱም ደፍ ላይ ተቀምጦ እንዳየ፣ የዲሹ ባለቤት ደግሞ በነጻ የሚያሳይ ሰው ስላልነበረ ፊልሙ ከመጀመሩ በፊት ልጆቹ በየተራ ከቦኖ ውኃ ይቀዱለት እንደነበር ጻፈ። አንድ ጄሪካን ለአንድ ክፍል። እስከ ዛሬ የማጂድን የመክፈቻ ዘፈን ሲሰማ ትከሻውን ያመዋል።

2ኛው በትሕትና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ፤ ያየሁት ማንጋ ነው ወይስ አኒሜ? 3ኛው መልሴን አልጠበቀም። ጽሑፌን እንደ ፈተና ወረቀት በቀይ አረመው። ማንጋ በወረቀት የሚታተመው የሥዕል ታሪክ ነው፤ ይህኛው በዮይቺ ታካሃሺ እጅ በ1981 እ.ኤ.አ. ሾነን ጃምፕ በተባለው ሳምንታዊ መጽሔት ጀምሮ በ1988 ሲያበቃ 37 ቅጽ ወጥቶታል። እኔ ደፍ ላይ ሆኜ ያየሁት ከ1983 ጀምሮ ለቴሌቪዥን የተሠራው አኒሜ ነው፤ እሱም 128 ክፍል አለው። ማጂድ የሚባል ልጅ ጃፓን ውስጥ የለም፤ ስሙ ኦዞራ ጹባሳ ነው። ያሲን ሚሳኪ ታሮ ነው፤ በረኛው ወሊድ ዋካባያሺ ገንዞ፣ ቁጡው ባሳም ደግሞ ህዩጋ ኮጂሮ። ስሞቹን የቀየሯቸው ወደ ዓረብኛ የመለሱት ሰዎች ናቸው።

አፈርኩ። የማንጋውን አንድ ገጽ እንኳ ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ፣ በጓደኛዬ ስልክ ነው። በልጅነቴ ማንጋ አነበብኩ እያልኩ ስንት ሰው ፊት ተኩራርቻለሁ!

4ኛው ጹባሳ ማለት ክንፍ ማለት እንደሆነ ጨመረ። 5ኛዋ በዚህ ደስታዋ ወሰን አጣ፤ የደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ በሙሉ ክንፍ ያላቸው የኪሩቤል ፊቶች ነው፣ የልጅነት ጀግናሽ ስም ክንፍ ነው፣ ይህ እንዴት አጋጣሚ ይሆናል የሚል ረጅም ጽሑፍ ላከች። እህቴ ሆይ፣ ፍቅርሽን ተቀብያለሁ፤ ነገሩን ግን አልተቀበልኩትም። እንዲህ እጅ በእጅ የሚገጥም ነገር ሲመጣ እጠራጠራለሁ።

6ኛው ያለ ሰላምታ ገባ። የአባቶችን ጥበብ ከራሷ በላይ አድርጋ እየኖረች አንገቷን ወደ ዲሽ ያቀናች ልጅ፣ መልአክ እንድትስል መታዘዟ ራሱ ስሕተት ነው ባይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል በጾምና በጸሎት እንጂ በካርቱን አይለመድም፤ ደግሞም ሴት ልጅ ስትሠራው በአባቶቹ ዘመን አልታየም። 7ኛዋ ይህን ስታይ እሳት ጎረሰች። አባቶቹ ስላላዩት ነገር ሁሉ ልክ የለውም ከተባለ ይህን ስድብ የጻፈበትን ስልክም ቢጥለው እንደሚሻል፣ እኔንም ከመስደቡ በፊት ሥዕሌን ማየት እንደነበረበት ነገረችው። 8ኛው፣ ከአጻጻፉ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው ይመስለኛል፣ ሁለቱንም ልጆቼ ብሎ ጠርቶ አደብ እንዲገዙ ለመነ። ልመናው ሦስት ምላሽ ያህል ቆየ።

6ኛውን ብጠላውም አንድ ነገሩ ወጋኝ። ያን ጣሪያ በልጅነቴ አላየሁትም ማለት ይቻላል። እናቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ማንጋጠጥ ነውር ነው ብላ አንገቴን በነጠላዋ ጫፍ ዝቅ ታደርገው ነበር። ቴሌቪዥኑን ግን የፈለግሁትን ያህል አፍጥጬ እንዳይ ማንም አልከለከለኝም።

9ኛው ከሁሉም ይልቅ የጠቀመኝ ነው። የቤተ ክርስቲያን አሳሳል የተማረ ሰው ነው። በእኛ ሥዕል ዓይን ትልቅ የሆነው ከጃፓን በፊት መሆኑን በእርጋታ አስረዳ። ጻድቅ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ኃጥእ፣ ሰይጣን፣ ከሃዲ ወታደር በጎን፣ በአንድ ዓይን። ስለዚህ ተመልካቹ ፊደል ባይቆጥርም ማን ከማን ወገን እንደሆነ ያውቃል። ችግሩ የዓይኔ ትልቅነት አይደለም አለ፤ ብርሃኑ ነው። ማንጋ ዓይን ውስጥ ነጭ ነጸብራቅ ያስቀምጣል፤ ብርሃን ከውጭ መጥቶ ዓይኑ ላይ እንዳረፈ ለማሳየት። የእኛው ዓይን ነጸብራቅ የለውም፤ ጥቁሩ ጥቁር፣ ነጩ ነጭ ነው። እኚያ አባት ያዩት ያቺን ነጭ ነጥብ ነው።

ሥዕሌን ከፍቼ አየሁ። በእያንዳንዱ ዓይን ሁለት ሁለት ነጥብ።

10ኛው በዚህ ላይ ቀለደ። በአንድ ዓይን የሚሳል ሁሉ ኃጥእ ከሆነ፣ ኳስ ሲነዳ ሁልጊዜ በጎኑ የምናየው ማጂድ እስከ ዛሬ ሲዖል ገብቷል። የሳቀው እሱ ብቻ አልነበረም።

11ኛው ለክርክሩ ሌላ በር ከፈተ። በ1591 እ.ኤ.አ. ገደማ ሮም ውስጥ በዓረብኛ የታተመ ወንጌል ነበር፤ ሥዕሎቹ የጣሊያናዊው አንቶኒዮ ቴምፔስታ ናቸው። ያ መጽሐፍ እኛ አገር ደረሰ፤ በጎንደር ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎችም የብራና ወንጌሎችን ሲያስጌጡ ከእሱ አቀማመጥ ቀዱ። ሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ያለችው የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ መጥታ፣ እጇን እንዳጣመረች የእኛን መልክ ይዛ ቀረች። እንግዲህ በዓረብኛ ጽሑፍ ታጅቦ የመጣ የባዕድ ሥዕል አይቶ የራስን መሥራት በዚህች ከተማ ሦስት መቶ ዓመት ያለፈው ሥራ ነው የሚል ነበር ሐሳቡ። ይህን ሳነብ ከወንበሬ ተነሣሁ። እኛም ያየነው በዓረብኛ ነው!

12ኛው ምላሽ ያው የ6ኛው ሰውዬ ነው። እነዚያ ሠዓሊዎች የወሰዱትን ሀገርኛ አድርገውታል፤ እሷ ግን እንዳለ ገልብጣለች አለ። 13ኛው አንድ ጥያቄ ብቻ ጣለለት፤ አንድ ሥዕል ሀገርኛ ለመሆን ስንት ዓመት እንደሚፈጅበት። ሰውዬው እስካሁን አልመለሰም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም ብጠየቅ መልስ የለኝም።

ከ14 እስከ 19 ያለው ኳስ ነው። አንዱ ፋሲል ከነማ በ2013 ዓ.ም. ሻምፒዮን ሲሆን የተሰማውን ደስታ ማንም ጃፓናዊ ሊስልለት እንደማይችል ማለ። ሌላው ታሪኩ ሲጀመር ጃፓን የፕሮፌሽናል ሊግ እንኳ እንዳልነበራት፣ ሊጉ በ1993 እ.ኤ.አ. ውድድር መጀመሩን፣ ለዓለም ዋንጫም የበቃችው በ1998 መሆኑን አስታወሰ። ሌላዋ ደግሞ በ2004 እ.ኤ.አ. የጃፓን ወታደሮች ሳማዋ በምትባል የኢራቅ ከተማ ውኃ ሲያከፋፍሉ ቦቴዎቻቸው ላይ የማጂድን ሥዕል ለጥፈው እንደነበር ተረከች፤ ልጆቹ ቦቴውን የሚያውቁት በማጂድ ስለነበር። አንድ ታሪክ ወዳድ ጣልቃ ገብቶ አበበ ቢቂላን፣ ቶኪዮንና የ1957ቱን ጥቅምት አነሣ፤ ከዚያም የ1923ቱ ሕገ መንግሥት ከጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት እንደተቀዳ ጨምሮ፣ ከጃፓን መቅዳት የጀመርሽው አንቺ አይደለሽም አለኝ። 19ኛው የሠርግ መጥሪያ ለሁለት መቶ ሰው ስንት እንደሚያስወጣ ጠየቀ። በግል መልሼለታለሁ።

ከዚህ ሁሉ 17ኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። ሁላችንም የምንስቅበትን ነገር አነሣ፤ ማጂድ ኳስ ይዞ ሲሮጥ ሜዳው አያልቅም፤ ግቡ ከአድማስ ጀርባ ብቅ የሚለው ከስንት ሩጫና ከስንት ትዝታ በኋላ ነው። እሱ የሚለው ይህ ሞኝነት አይደለም ነው። በወረቀት ላይ ሰዓት የለም። አንዲት ምት አራት ገጽ ብትፈጅ አንባቢው ዓይኑን በፈለገው ፍጥነት ያስኬዳል። ያንኑ ለቴሌቪዥን ሲያመጡት ግን ሰዓት ገባበት፤ አራቱን ገጽ በሩጫ መሙላት ግድ ሆነ። የሜዳው ርዝመት የወረቀቱ ጊዜ ነው። እንዲህ ዓይነት ነገር ያስተማረኝ አስተማሪ አልነበረም።

20ኛው ወጣት ልጅ ነው፤ በአማርኛ ማንጋ እየሠራ እንደሆነና ገጾቹን ከቀኝ ወደ ግራ እንደ ጃፓኖቹ ያድርግ ወይስ ከግራ ወደ ቀኝ ብሎ ምክር ጠየቀ። እዚህ ላይ መድረኩ ሁለት ቀን ሙሉ ጋለ። 21ኛው ጥያቄው ራሱ አስገረመው፤ የንግሥተ ሳባ ታሪክ በአንድ ሸራ ላይ በ44 ክፍል ተከፍሎ ሲሳል ከግራ ወደ ቀኝ፣ መስመር በመስመር እንደ ፊደላችን ይነበባል፤ ቱሪስት ሳይቀር ገዝቶ ግድግዳው ላይ ይሰቅለዋል፤ ታዲያ ምን ቸገረህ ነው የሚለው። 22ኛዋ ማንጋ ስትቀዳ ገጹን በመስታወት እንደማየት ገልብጣ ሞክራ እንደነበር አወራች። ቀኝ እግረኛው ሁሉ ግራ እግረኛ ሆነ፤ ማልያው ላይ ያለው 10 ቁጥርም 01 ሆነ። ከዚያ በኋላ መቅዳት ትታ የራሷን ጀመረች።

23ኛው ስለ ንግግር ማስገቢያው ክብ ነው፤ ይህን የሚያውቀው የሠራበት ሰው ብቻ ነው። ጃፓንኛ ከላይ ወደ ታች ስለሚጻፍ ክቡ ቀጭንና ረጅም ነው። አማርኛ እዚያ ውስጥ አይገባም። አላቀበልኩትም የሚለው አንድ ቃል ብቻ ስምንት ፊደል ነው፤ ለሁለት ከተቆረጠ ያስጠላል፣ ካልተቆረጠ ክቡን ይቀድዳል። ስለዚህ ክቡ አግድም መስፋት አለበት፤ ክቡ ሲሰፋ ሰዎቹ መራራቅ አለባቸው፤ ሰዎቹ ሲራራቁ የሥዕሉ አቀማመጥ ሁሉ ይቀየራል። በአንድ ቃል ርዝመት ሥዕሉ ከጃፓን ወጣ ማለት ነው። እኔ ስድሳ ገጽ ሠርቼ መሳቢያ ውስጥ የቆለፍኩት ታሪክ አለኝ፤ ለምን ሰዎቼ ተራርቀው እንደቆሙ አሁን ገባኝ። ኩርፊያ የመሰለኝ ፊደል ኖሯል።

24ኛዋ የአማርኛ መምህርት ናት። ልጁ በላከው ናሙና ገጽ ላይ ቡም እና ክራሽ የሚሉ ድምፆች አይታ አዘነች። ኳሱ እልም ሲል፣ በረኛው ዘጭ ሲል፣ ልብ ድው ሲል፣ ፊት ኩምትር ሲል፣ አማርኛ ለዚህ ተብሎ የተፈጠረ ቋንቋ ነውና ከሌላ መበደር ድህነት ሳይሆን ስንፍና ነው ብላ ቆጣ አለች። 3ኛው እዚህ ላይ ተመልሶ ጃፓኖች ለዝምታም ድምፅ እንዳላቸው፣ ሺን ብለው እንደሚጽፉት ነገራት። እሷም ጭጭ አለ የሚለው ምን ሆነና ብላ መለሰችለት። ልጁ ሁለቱንም አመስግኖ ወጣ፤ ከግራ ወደ ቀኝ ሊያደርገው ወስኗል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። 25ኛው ያው የ3ኛው ሰው ነው። 37ቱንም ቅጽ እንዳነበበና ስለ እኔ ትዕይንት አንድ ነገር መናገር እንዳለበት፣ ግን ደግሞ ሊያስከፋኝ እንደማይፈልግ አስቀድሞ ጻፈ። የሚሳኪ አባት እየዞረ የሚስል መሆኑ ልክ ነው፤ የሚስለው ግን መልክዓ ምድር ነው፣ የፉጂን ተራራ ነው። የልጁ እናት አልሞተችም፣ አልተረሳችምም፤ ተለይታ ሌላ ባል አግብታለች። ዓይን የሌለው የእናት ሥዕል በማንጋው ውስጥ የለም።

26ኛው የእኔ ነው፤ የጻፍኩትን መደበቅ አልችልም። ቅጽ መቁጠርና ማየት የተለያዩ ናቸው፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን በቁጥር ልታስረሳኝ አትችልም አልኩት። ሌላም ጨምሬአለሁ፤ ያን አጥፍቼዋለሁ። እሱ አልመለሰልኝም። ጨዋ ሰው ነው።

27ኛው የቴሌቪዥኑን ሥራ በሙሉ እንዳየና እሱም እንደማያስታውስ በአጭሩ አስቀመጠ። 28ኛዋ ግን የሰፈሬ ልጅ ሆና ተገኘች። ቤቱን፣ ምንጣፉን፣ በሩ ላይ የነበረውን የኮባ ተክል ሳይቀር ጠቀሰች፤ ደፉ ላይ ከእኔ ቀጥሎ ትቀመጥ ነበር። እሷ እንደምትለው አስተርጓሚያችን ዓረብኛ ይችል ነበር፤ ግን የካርቱምን የመንገድ ዓረብኛ ነው። ካርቱኑ የሚናገረው እንደ መጽሐፍ ያለውን ዓረብኛ ነው። ግማሹን ይሰማል፣ ግማሹን ከራሱ ይሞላል። ትልልቆቹ ወንዶች ይህን ያውቁ ነበር፤ ዝም ያሉት ከራሱ የሚሞላው ስለሚጥማቸው ነው።

29ኛው ልጁን ውሸታም አለው። 30ኛው ለውሸታሙ ተሟገተ፤ የእሱ ታላቅ ወንድም የህንድ ፊልም ሲተረጉምላቸው አክተሩ በመጨረሻ ምንጊዜም ወደ ደባርቅ ይመለስ ነበር፤ ቤተሰባቸው ከዚያ ስለነበረ። ማንም ቅር አላለውም። 31ኛው ስለ ደባርቅ ብርድ ጻፈ፤ 32ኛውም ስለዚያው።

33ኛዋ 28ኛዋ ናት፤ ተመልሳ መጣች። ለካስ የአስተርጓሚያችን ታናሽ እህት ናት! ስታፍር ቆይታ ነው። ወንድሟ ዛሬ መተማ ሰሊጥ ይነግዳል፤ ልትደውልለት ቃል ገባች። ሦስት ቀን ማንም አልጻፈም። እኔ ግን በየሰዓቱ እከፍት ነበር፤ ሁለት ባነር በተሳሳተ ልክ ያሳተምኩት በዚያ ሳምንት ነው።

34ኛው እሷ ከስልክ የሰማችውን የጻፈችበት ነው። ቀኑን ያስታውሰዋል። ክረምት ነው፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። አባትየው ሸራ ዘርግቶ ብሩሹን ሲያነሣ መብራት ሄደ። የቤቱ እመቤት ሻማ አበራች። ዝናብ ስለሆነ ማንም ወደ ቤቱ መሄድ አይችልም፤ አሥር ልጅ በአንድ ድምፅ ከዚያስ፣ ከዚያስ እያለ ጮኸበት። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ እሱ ግን አስተርጓሚ ነው፣ ዝም ማለት አይችልም። ቀጠለ። የእናትየውን ፊት፣ ዓይኗን፣ ሌሊቱን፣ ጠዋት የተጠቀለለውን ሸራ፣ ሁሉንም። ዓይኗን ለምን እንደተወው ጠይቃው ነበር፤ አላስታውስም ብሎ ሳቀ። እኔ ሥዕል እንደምሠራ ስትነግረው ግን ሳቁን አቆመ አለች።

ሃያ ዓመት ሙሉ ያ ትንሽ መብራት ፊልሙ ውስጥ ያለ ይመስለኝ ነበር።

35ኛው የእኔ ነው፤ ለ25ኛው ይቅርታ ጠየቅሁ። 36ኛው ደግሞ ሥነ ልቦና የተማረ ሰው ይመስላል፤ ልጁ ዓይኗን የተወው ከካርቱም ሲመጣ የተለየው ሰው ስላለ ሊሆን ይችላል እያለ መተንተን ጀመረ። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። እህቱ ታነባለች፤ ልጁም ሰሊጥ ነጋዴ እንጂ የፈተና ጥያቄ አይደለም። 37ኛው በዚህ ተቆጣኝ፤ የራሴን ልጅነት ለአደባባይ አውጥቼ የሰው ሲነካ መከልከል አልችልም አለ። ትንሽ እውነት አለው።

38ኛው 6ኛው ሰውዬ ነው፤ መቼም ይመለሳል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ይቅርታ አልጠየቀም። ጣሪያው ላይ ያሉት ፊቶች አንዳቸውም ወደ አንድ ቦታ እንደማያዩ፣ አንዱ ወደ ግራ፣ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ታች እንደሚመለከት ልብ ብዬ እንደሆነ ብቻ ጠየቀ፤ በልጅነቱ ቅዳሴ ሲረዝምበት ወደ እሱ የሚያየውን ይፈልግ ነበር። 39ኛዋ፣ ያቺ እሳት የጎረሰችው 7ኛዋ፣ ታዲያ አንተስ ታንጋጥጥ ነበር ማለት ነው ብላ ያዘችው።

40ኛው መቁጠሪያው ምን እንደሆነ ጠየቀ። ነጥቦቹን አጠፋሁ፤ አራቱንም። መልአኩ ሞተብኝ። መልሼ አንዷን ብቻ በግራ ዓይኑ አስቀመጥኩና ወሰድኩላቸው። ማኅበሩ ግን በዚያው ሳምንት ሥራውን ወደ ሌላ ማተሚያ ቤት ወስዶት ኖሯል። ሥዕሉ እኔ ጋ ነው።

41ኛው የአዘዞው ውኃ ቀጂ ነው። ያን ቀን መብራት ተመልሶ እንደሆነ፣ ከተመለሰስ ማያው ላይ ምን እንደነበረ ማወቅ ይፈልጋል። ይህን ማንም ሳይነግረኝ አስታውሳለሁ። ተመልሷል። ሻማው ገና አልጠፋም ነበር፤ ያሲን የማላውቀውን የሌላ ትምህርት ቤት ማልያ ለብሶ እየሮጠ ነበር።